ቱሉ ሮባን አንድ ዙር

አብዱናሲር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአዳማ አሰላ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በእግሩ የሄደው መንገድ ግን ቢለካ ከቤቱ መስጊድ፣ ከመስጊድ መናኸሪያ አያልፍም። እግር የተሰጠን ለፍሬንና ለነዳጅ ነው ባይ ነበር። ወገቡ አስቸግሮት መኪናውን ለቀድሞ ረዳቱ ለሰንበታ ካስተላለፈ ወዲህ እንኳ ሱቅ ድረስ የሚሄደው በባጃጅ ነው። እንግዲህ ያን የጥቅምት ቅዳሜ ማለዳ የሚያብረቀርቅ ሞካሲኑን ተጫምቶ፣ ኮቱን ደርቦ፣ ተራራ ልወጣ ነው ብሎ ደጅ የቆመው ይኸው ሰው ነው።

ሚስቱ ዙለይካ ሳንቡሳውን በፌስታል እየቋጠረች ከላይ እስከ ታች አየችው።

“በዚህ ጫማ?”

“ተራራው ስለ ጫማዬ አይጠይቀኝም።”

“ተራራው ባይጠይቅህ ጠጠሩ ይጠይቅሃል” አለችና ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ የመጣው በመጨረሻዋ ልጁ በሱሃይላ ነው። ሱሃይላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቱሪዝም ተምራ ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። አብዱናሲር በስንት ደጅ ጥናት አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የቢሮ ሥራ አግኝቶላት ሰኞ ጀምሪ ተብላለች። እሷ ደግሞ ለአባቷ ሳትነግር ወራት ሙሉ ተራራው ላይ ተመላልሳ ቱሉ ሮባ የሚባለውን ተራራ የሚያስጎበኙ ወጣቶች ማኅበር ውስጥ ገብታለች። እነሱም ሰኞ ነይ ብለዋታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ሰላም አጣ። እሱ ሲቆጣ እሷ ዝም፣ እሷ ስታስረዳ እሱ ሬዲዮኑን ከፍ። በመጨረሻ አንድ ምሽት እራት ላይ እንዲህ አለችው።

“አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ አብረኸኝ ዙር። ዙሩን ጨርሰህ ስትወርድ ፋብሪካ ግቢ ካልከኝ ወላሂ አንዲት ቃል አልመልስም።”

አብዱናሲር ይህን የመሰለ ቀላል ውል አይቶ አያውቅም። ተራራውን ይዞራል፣ ፋብሪካ ግቢ ይላል፣ ነገሩ ያልቃል።

ክፉ አባት ሆኖ አይደለም። መንገድ ምን እንደሚበላ ስለሚያውቅ ነው። አብረውት መሪ ከጨበጡት ጓደኞቹ ስንቱን ቀብሯል። ዙለይካ በየማታው በሩ ላይ ቆማ የሞተር ድምፅ ስትለይ ያረጀች ሴት ናት። ለልጁ የተመኘላት ጣሪያ ያለው ሥራና ከቦታው የማይነቃነቅ ወንበር ነበር። እሷ ግን ከሁሉ የከፋውን መርጣ መጣች፤ ወንበር የሌለው፣ ጣሪያ የሌለው፣ ገደል ያለው።

ቱሉ ሮባ ከአዋሽ ድልድይ አለፍ ብሎ ከመንገዱ በስተቀኝ የቆመ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ደመና ከተቀመጠ ከሰዓት ሳይዘንብ አይቀርም ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። አብዱናሲር በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ በሥሩ አልፏል። አስፋልቱ ተራራውን ታክኮ የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቢስሚላህ ይልና ክላክስ ያደርጋል። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበራቸውም።

ከታክሲ ወርደው ጥቂት እንደሄዱ ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ ሽማግሌ በአጥራቸው ላይ ተደግፈው አገኟቸው።

“አካም ቡልተኒ፣ አባባ ዱጋሳ” አለች ሱሃይላ ጎንበስ ብላ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትል።

“ነጋ፣ ገለታ ረቢ። ይሄ ሰውዬ አባትሽ ነው?” ሽማግሌው ወደ አብዱናሲር ዞሩ። “እኔ እዚህ ተወለድኩ፣ እዚህ አረጀሁ። አሁን ጥጃ ሲጠፋኝ ማንን እጠይቃለሁ? ልጅህን።”

አብዱናሲር ደስ አለው፤ ደስ ያለው መሆኑ ደግሞ አናደደው። ለመከራከር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ደጅ ላይ ደስ አይለውም።

“ዙሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚፈጀው” አለች ሱሃይላ ሽቅቡን ሲጀምሩ። “በዚህ ወጥተን በዚያኛው ጎን ወርደን እዚሁ ኦቦ ዱጋሳ ደጅ እንመለሳለን።”

“ከተነሳበት የሚመለስ መንገድ ምን መንገድ ነው?”

“ታየዋለህ። ብቻ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ሳታይ ወደፊት እንዳታልፍ። እሺ?”

“እሺ” አላት። ለትራፊክ ፖሊስ የሚላትን ዓይነት እሺ ነበረች።

ሽቅቡ ሲጠና ትንፋሹ አጠረ። እሷ አልቸኮለችም። “አንደኛ ማርሽ ነው አባዬ፤ ሁለተኛ አትሞክር” ትለዋለች ሳትዞር፣ እሱም በሆዱ ይስቃል። በየመሃሉ ትቆማለች። ስታስተምር አትመስልም፤ ቤቷ የመጣ እንግዳ የምታስተናግድ ትመስላለች። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ባልጩት አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ተራራው አንድ ጊዜ እሳት እንደነበረ፣ የጥንት ሰዎች ከዚህ ድንጋይ ቢላ ያወጡ እንደነበር ነገረችው። ወዲያ ማዶ ቋጥኝ ላይ በሰኮናዎቹ ጫፍ የቆመ ሰስ የሚባል ትንሽ የገደል ሚዳቋ አሳየችው። እንስሳው እንደ ሳንቲም በጠበበች ድንጋይ ላይ አራቱንም እግሮቹን ሰብስቦ ቆሟል። አብዱናሲር በዚህ ሁሉ ዓመት ይህ ፍጡር ከራሱ በላይ ቆሞ ያየው እንደነበር አስቦ ትንሽ አፈረ። ምክንያቱን ግን አያውቀውም።

ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ሲደርሱ ሱሃይላ ቆመች። ከብቶች ምልክቱን ድንጋይ ገፍተው አንከባለውታል። “አንድ ደቂቃ፣ ይሄን ላቁመው፤ የሚቀጥለው ሰው እንዳይሳሳት” ብላ ተንበረከከች።

አብዱናሲር ደግሞ ቆሞ መጠበቅ የማይወድ ሰው ነው። ሞተር ጠፍቶ መቆም ያመዋል። ከግራሩ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በስተግራ ሣር የዋጠው ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ በስተቀኝ የተደለደለ፣ ሰፊ፣ አቧራው እንደ ዱቄት የላመ መንገድ። ሹፌር የሆነ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ መንገድ ከሰፋ ሰው በዝቶበታል፣ ሰው ከበዛበት ወደ ደህና ቦታ ይወስዳል። በዚህ ሕግ ሠላሳ አንድ ዓመት አልተሳሳተም። ሰፊውን ያዘ።

መንገዱን ያሰፉት ግን ሰዎች አልነበሩም። በየማለዳው ጨዋማ አፈር ሊልሱ የሚመጡ የኦቦ ዱጋሳና የጎረቤቶቻቸው ከብቶች ናቸው። ከብቶቹ አፈሩን ይልሳሉ፣ ይመለሳሉ። አብዱናሲር የተላሰውን የአፈር ግድግዳ አልፎ ሄደ፤ ቀይ ድንጋይ አለማየቱ ትዝ ቢለውም ተሳስቻለሁ ብሎ መመለስ አልሆነለትም። መንገዱ ጠበበ። ቀኙ ቋጥኝ ሆነ። አንድ ጥግ ዞሮ ጥቂት እንደተራመደ ግራው ጠፋ።

ጠፋ ነው የሚባለው። መሬት የነበረበት ቦታ አየር ሆኖ፣ ከአየሩ ሥር፣ ሩቅ ታች፣ አዋሽ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል። የቆመባት እርከን ሁለት ጫማ ጎን ለጎን አታስቆምም። ለመዞር ሞከረና ሞካሲኑ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ትንንሽ ድንጋዮች ወደ ታች ወረዱ፤ ሲያርፉ ግን አልሰማም። በቀኝ ትከሻው ቋጥኙን ተደግፎ በሁለት መዳፉ ጨበጠውና ቀረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ስንቱን ጀማሪ ሹፌር ሰድቦበታል፤ አሁን ወደ ራሱ መጣለት።

“አባዬ።”

ድምጿ ከጥጉ በኩል፣ ከኋላው ነበር።

“አትዙር። ወደ ታችም አትይ። እየሰማኸኝ ነው?”

“እ።”

“ቦታው ለመዞር አይበቃም። ስለዚህ በኋላ ማርሽ ነው የምናወጣህ። ሹፌሩ አንተ ነህ፣ ረዳቷ እኔ ነኝ። እሺ?”

አሰላ መናኸሪያ በክረምት ጭቃ ሲሆን፣ መኪና በመኪና ላይ ሲደራረብ፣ ሹፌር ከኋላው ያለውን በስፖኪዮ አያይም። የሚሰማው የረዳቱን ድምፅ ነው። ሰንበታ አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ ቆሞ “ና፣ ና፣ ና” ሲለው አብዱናሲር አንድም ቀን አንገቱን አዙሮ አላየም፤ ዞሮ ማየት ረዳትን መስደብ ነው። ሰንበታ በመዳፉ የመኪናውን ጎን ሁለት ጊዜ መታ ካደረገ ደግሞ በቃ፣ ደረስክ ማለት ነው። ሱሃይላ በልጅነቷ ትምህርት ሲዘጋ አብራቸው ትመላለስ ነበር። ጋቢና አትቀመጥም፤ ጋቢና ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለከበረ ሰው የሚያዝ ቦታ ነው፣ አብዱናሲር በዚህ ቀልድ አያውቅም። እሷ በሩ አጠገብ፣ ከሰንበታ ጎን ነበር የምትቀመጠው።

“ግራ እግርህን ብቻ” አለች። “ና… ና… ና። በቃ። አሁን ቀኙን። ቀኝ እጅህ ከድንጋዩ አይለቅ። ና።”

አብዱናሲር አንገቱን አላዞረም። ዓይኑን ጨፈነና በድምፁ ሄደ።

“ትንሽ ወደ ቀኝ ስበር። እንደሱ። ና… ና… ጠጠር አለ፣ እግርህን ከፍ አድርግ። ና። አትቸኩል፣ ከኋላህ ማንም ክላክስ አያደርግም።”

ይህቺን ሲሰማ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ሊስቅ ቃጣው፤ ትከሻው ላላ፣ ትንፋሹም ተመለሰ። ድምጿ አንድም ጊዜ አልፈጠነም፣ አንድም ጊዜ አልጮኸም። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል እንደሄደ አንድ መዳፍ ቋጥኙን ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርግ ሰማ። ወዲያው ኮቱ ከኋላ ተጨምድዶ ተያዘ፣ ወደ ሰፊው መሬት ተሳበ፣ ቁጭ አለ።

እሷ ውሃ ሰጠችው፣ ሳንቡሳ ሰጠችው። ሞካሲኑ ከፊት ተልጦ ነጭ ሆኗል።

“ይሄ ነው ሥራሽ?” አላት በመጨረሻ።

“የኔ መንገድ በግራ በኩል ነው፣ ይሄ የከብት ነው። ግን ሰው ሲሳሳት መመለስም ሥራዬ ነው።” ዝቅ ብላ የፌስታሉን ጆሮ መቋጠር ጀመረች። “ብቻህን ትቼህ መቆሜ የኔ ጥፋት ነው። እንውረድ ካልክ እንወርዳለን። ቃሌ ቃል ነው፣ ሰኞ ፋብሪካ እገባለሁ።”

አየ እጇን። ፌስታሉን መቋጠር አቅቷታል።

“ፈርተሽ ነበር?”

“በጣም።”

“ድምፅሽ ግን አልፈራም።”

“የሰንበታ ድምፅ ሲፈራ ሰምተህ ታውቃለህ?”

ነገሩ በአብዱናሲር እጅ ነበር፤ እንውረድ ቢል የፈለገውን አግኝቶ ቤቱ ይገባል፣ ዙለይካም ገደል ነው ካላት ትፈርድለታለች። ሳንቡሳውን እስኪጨርስ አሰበና ኮቱን አራግፎ ተነሣ።

“ዙሩ አልቋል?”

“ግማሹ ነው።”

“ተሳፋሪ መሐል መንገድ ላይ ይጣላል እንዴ?” አለ። “ምሪ።”

በሣር የተዋጠችው ቀጭን መንገድ ዝግባዎች መሃል ገብታ፣ ቀስ ብላ ዞራ፣ ሳታስደነግጥ አፋፉ ላይ አወጣቻቸው። እዚያ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሱሃይላ ከጠርዙ ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አብዱናሲር ይህን አገር አየሁት ብሎ ሲምል የኖረ ነው። አሁን ግን አፉን ይዞ ቀረ። ገደሉ ከሥራቸው እንደ ግንብ ይወርዳል፣ ቀዩ ድንጋይ ላይ የጠዋት ፀሐይ ተኝታበታለች። አዋሽ ከቆቃ በኩል መጥቶ የወንጂን ሸንኮራ ዳር ዳሩን እየታከከ፣ እየጠፋ፣ እየወጣ ይሄዳል። የሸንኮራው አረንጓዴ ዓይን ይሞላል። ቆቃ ሐይቅ ሩቅ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። አዳማ በተፋሰሱ ውስጥ ከነፎቋ ተዘርግታለች፣ ከበላይዋ ኮረብታ ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹ ነጫጭ ክንፎቻቸውን ሳይቸኩሉ ያዞራሉ። ንስር ከሥራቸው በረረ። አብዱናሲር የንስርን ጀርባ ከላይ ሆኖ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

“ሱብሃነላህ” አለ። በኋላ ላይ ነው እጁን የዘረጋው። “ያቺ ቀጭኗ…?”

“መንገድህ ናት።”

ከድልድዩ እስከ ዴራ ከተማ ድረስ ያለው ሁሉ፣ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ጎማ የፈነዳበት፣ በዝናብ ያደረበት፣ በአንድ መዳፍ ይሸፈናል። አንዲት ሚኒባስ እየመጣች ነበር። ጥምዝምዙ ላይ ደርሳ ካለፈች በኋላ የክላክሷ ድምፅ ዘግይቶ ወደ ላይ መጣ።

“ልጅ ሆኜ አንተ እዚያች ጋ ክላክስ ስታደርግ ተራራውን ሰላም የምትለው ይመስለኝ ነበር” አለች ሱሃይላ። “አንድ ቀን ወጥቼ መልስ እሰጥልሃለሁ ብዬ አስብ ነበር።”

አብዱናሲር እውነቱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያንን ጥምዝምዝ ይፈራው ነበር። በሄደ ቁጥር ቢስሚላህ የሚለው ከወዲያ ምን እንዳለ ስለማይታይ ነው። ጎንበስ ብሎ ትኩር አድርጎ አየው። ከጥምዝምዙ ወዲያ፣ ያ ሁሉ ዓመት አጥርና ቁጥቋጦ ጋርዶት ያልታየው ቦታ ላይ፣ የኦቦ ዱጋሳ ጓሮ ነበረ። ማሽላ ቆሟል፣ አንዲት ሴት አጥር ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ ሁለት ዶሮ ይጭራል። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈራው ነገር የሰው ጓሮ ነበር።

ይህን ለልጁ ነገራት። ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ አልደበቃትም። እሷ ትከሻዋን ወደ ትከሻው አስጠጋች። ሥራውንም፣ ሰኞንም አላነሳችም።

ቁልቁለቱን እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ ሆነው ወረዱ። ተረከዟን አስቀድማ፣ ድንጋዩን ሞክራ፣ ከዚያ ክብደቷን ስትሰጥ እያየ እሱም እንደሷ ረገጠ። ቀይ ድንጋይ ባዩ ቁጥር “ይኸው” ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ኦቦ ዱጋሳ ደጅ ሲደርሱ ጀምረውበት የነበረው አጥር ላይ እጁን አሳረፈ።

“ከተነሳንበት መለስሽን።”

“ብዬህ ነበር።”

“እኔስ ከተነሳሁበት ስመለስ አይደል የኖርኩት” አለና ሳቀ። “ብቻ በመስኮት ነበር የማየው።”

አስፋልቱ ዳር ብዙ አልቆሙም። ከአሰላ የምትመጣ ሚኒባስ ከሩቅ መብራት አበራችላቸው። አብዱናሲር የራሱን የድሮ መኪና በድምጿ ለያት። ሰንበታ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የተላጠውን ሞካሲን አየ፣ አቧራ የለበሰውን ኮት አየ።

“ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ይግቡ፣ ጋቢና አንድ ቦታ አለ።”

አብዱናሲር የጋቢናውን በር ከፈተ። ከፍቶ ግን አልገባም።

“ግቢ” አላት ልጁን።

“አባዬ፣ አንተ ግባ እንጂ፣ ወገብህ…”

“ግቢ አልኩሽ።”

ገባች። በሩን ራሱ ዘጋላትና ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ረዳቱ ጎን ተቀመጠ። መኪናው ተነሣ። ጥምዝምዙ ጋ ሲደርሱ ሰንበታ እንደተማረው ክላክስ አደረገ፣ አብዱናሲርም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ አፋፉ ተመለከተ።

“ሰንበታ።”

“አቤት ጋሼ።”

“ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጋቢናውን ለዚች ልጅ ያዝላት።”

“ፋብሪካው እኮ በዚህ መስመር አይደለም ጋሼ።”

“አውቃለሁ። ወራጅ ቱሉ ሮባ ናት።”

ሱሃይላ ዞራ አላየችውም። እጇን ብቻ በመስኮቱ አውጥታ የመኪናውን ጎን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። ሰንበታ የራሱን የአሥራ አንድ ዓመት ምልክት ሲሰማ ሳያስብ ፍሬን ያዘ፣ ተሳፋሪውም ምን ሆንን ብሎ ያጉረመርም ጀመር።